የኢይዝራኤል ሽማግሌዎች በናይሮቢ

ወዳጆቼ፣ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ ካሰብኩ ቆይቷል። ስማቸው ዴቪድ ጊታሪ ነው። የኬንያ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ነበሩ፤ ከ1997 እስከ 2002 ደግሞ ሊቀ ጳጳስ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ታሪኩ የኬንያ ነውና።) ሙት አላስነሱም፣ አዲስ ትምህርትም አላመጡም። ሥራቸው የብሉይ ኪዳንን አንድ ምዕራፍ ወስደው ከመጀመሪያው ቁጥር እስከ መጨረሻው፣ ሳይዘሉና ሳይቆነጽሉ፣ ለሕዝብ ማንበብና ማስረዳት ነበር። እንዲህ ያለ ሰላማዊ ሥራ አንድን መንግሥት እንዴት እንቅልፍ እንደነሳ ሳነብ እኔም እንቅልፍ አጣሁ፤ እንግዲህ እናንተም ተካፈሉኝ።

ከ1975 እንነሳ። ማርች 2 ቀን፣ ሕዝቡ በአጭሩ «ጄ ኤም» የሚለው የፓርላማ አባል ጆሳያ ምዋንጊ ካሪዩኪ ናይሮቢ መሀል ከነበረው ሂልተን ሆቴል ከወጣ በኋላ ደብዛው ጠፋ። ጄ ኤም ማው ማው በተባለው የፀረ ቅኝ ግዛት ትግል ዘመን የታሰረ፣ ነፃነት ከመጣ በኋላ ደግሞ የአገሪቱ መሬትና ሀብት የጥቂቶች ሲሳይ መሆኑን በአደባባይ የሚናገር ሰው ነበር። ቤተሰቡ ሲያፈላልገው «ዛምቢያ ሄዷል» የሚል ወሬ ተነዛ፤ ጋዜጣ ላይም ወጣ። አስከሬኑ ግን ከከተማዋ ዳር፣ ንጎንግ ኮረብታዎች ላይ በማሳይ ከብት ጠባቂ ተገኝቶ በከተማው አስከሬን ማቆያ ውስጥ ነበር። ማርች 11 ሚስቶቹ ሄደው ለዩት።

በዚያ ሰሞን ጊታሪ ገና ጳጳስ አልሆኑም፤ የኬንያ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ዋና ጸሐፊ ናቸው። በመንግሥት ሬዲዮ የማለዳውን መንፈሳዊ ንግግር እንዲያቀርቡ ተራው ደረሳቸው። እርሳቸውም ዘፍጥረት 4ን ይዘው ቀረቡ፤ ቃየንና አቤልን።

እስቲ አስቡት። ሰው ሻዩን እየጠጣ ሬዲዮ ይከፍታል። እግዚአብሔር ቃየንን ወንድምህ ወዴት ነው ብሎ ሲጠይቅ ይሰማል፤ ቃየንም አላውቅም ብሎ ይመልሳል። ደሙ ከምድር ይጮኻል። ናይሮቢ ውስጥ ይህን ሰምቶ ዛምቢያን ያላስታወሰ ሰው አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ይህን ምዕራፍ ልጆች ሳለን ስንማረው ቅናት መጥፎ ነው ተብለን ወደ ኖኅ አለፍን። እንደገና ስታነቡት ግን ዓይን የሚይዘው የቃየን መልስ ነው። አልገደልኩትም ብሎ አይከራከርም። ወንድሜን እንድጠብቅ ማን ሾመኝ ነው የሚለው፤ በዛሬ አነጋገር «የእኔ ሥራ አይደለም»። የመጀመሪያው ገዳይ የተሸሸገው ከሥራ ድርሻው ጀርባ ነው! (በነገራችን ላይ በመጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያውን ከተማ የቆረቆረውም እሱ ነው። እኛ ከተሜዎች ይህን ቁጥር አዘውትረን አንጠቅሰውም።)

እዚህ ላይ ስለ ጊታሪ አነባበብ ትንሽ ልበል። ብዙዎቻችን መጽሐፍ ቅዱስን የምናውቀው በጥቅስ ነው፤ ማታቱ በሚባለው የናይሮቢ ታክሲ ላይ የተለጠፈ ጥቅስ፣ የግድግዳ ካሌንደር ጥቅስ፣ ማለዳ በቴሌግራም የሚላክ ጥቅስ። ጥቅስን አልነቅፍም፤ እኔም እልካለሁ። ነገር ግን ለብቻው የተቀነጨበ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚያጽናናው አንባቢውን ነው። ምዕራፉ ሙሉውን ሲነበብ እኛም ታሪኩ ውስጥ ቦታ ይሰጠናል፤ የምንቀመጥበትን ግን እኛ አንመርጥም። ጊታሪ በወንጌላውያን የተማሪዎች ማኅበር ውስጥ ያገለገሉ፣ ለቃሉ ጥብቅ የሆኑ ሰባኪ ነበሩ። ፖለቲካን ወደ መድረክ አመጡ ብለው የሚከሷቸው ነበሩ። እኔ ግን ምዕራፉን ስለጨረሱ ብቻ ፖለቲካው ራሱ የመጣባቸው ይመስለኛል።

ወደ ዳንኤል 6 እንለፍ። ጁን 1987፣ ከናይሮቢ በስተሰሜን ያለችው ኔሪ ከተማ። ከጥቂት ወራት በፊት ፓርላማው ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ የዐቃቤ ሕጉንና የዋናውን ኦዲተር የሥራ ዋስትና አንስቷል። ገዢው ፓርቲ ካኑም ምስጢራዊ የድምፅ አሰጣጥን ትቶ መራጩ ከሚደግፈው ዕጩ ኋላ በአደባባይ እንዲሰለፍ ወስኗል፤ በስዋሂሊ «ምሎሎንጎ» ይሉታል። ለማን እንደተሰለፍክ አለቃህም ጎረቤትህም ያያል ማለት ነው።

የአንበሳውን ጉድጓድ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ከጉድጓዱ በፊት ስላለው ቢሮ ግን ስንቶቻችን እናወራለን? ዳርዮስ 120 መሳፍንት ሾመ፣ በላያቸውም ሦስት አለቆች አስቀመጠ። ለምን? መልሱ እዚያው ተጽፏል፤ በንጉሡ ላይ ጉዳት እንዳይደርስ። ዳንኤል ዋና ኦዲተር ነበር ብል ትስቁ ይሆናል፤ እኔ ግን ቁጥር 2ን ሳነብ ሌላ ነገር አይታየኝም። ባልደረቦቹ መዝገቡን አገላብጠው እንከን ሲያጡ ወደ ንጉሡ ሄዱና ሹማምንቱ ሁሉ በዚህ ሕግ ተስማምተናል አሉት። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው! ከሦስቱ አለቆች አንዱ ዳንኤል ነውና፤ እሱን የጠየቀው የለም። ንጉሡም ሳያጣራ ፈረመ። በኋላ ነገሩ ሲገባው ሊያድነው ፀሐይ እስክትጠልቅ ደከመ፤ የገዛ ፊርማው ግን ጠፍሮ ያዘው።

ጊታሪ ይህን ምዕራፍ ሲፈቱ በአገሪቱ ሕግ እንዴት እየተለወጠ እንደሆነ ምእመኑ ያውቅ ነበር። ፖለቲከኞቹ በስብከቱ ነደዱ። ልብ በሉ፤ ያናደዳቸው ስለ አንበሳ የሚያወራ ምዕራፍ ነው።

ለራሳችን ኑሮ ግን ከዚህ ምዕራፍ የምወስደው ሌላ ነገር ነው። ዳንኤል ሕጉ መፈረሙን ሲሰማ ምን አደረገ? አዲስ ነገር አላደረገም። ወደ ቤቱ ገባ፤ መስኮቱ ወደ ኢየሩሳሌም ተከፍቶ ነበር፤ በቀን ሦስት ጊዜ ተንበረከከ፣ ከዚያ በፊት ያደርግ እንደነበረው። ጀግንነቱ ያን ዕለት የተፈጠረ አልነበረም። መዝገቡም ንጹሕ የሆነው ጠላቶቹ ሊመረምሩት በመጡበት ሳምንት አይደለም። ናይሮቢ ውስጥ «ኪቱ ኪዶጎ» የሚሏት ነገር አለች፤ ትንሽ ነገር ማለት ናት፣ በእኛው አገር «ጉርሻ» ወይም «የሻይ» የምትባለዋ። ትልቁ ፈተና ሲመጣ የሚጥለን አብዛኛውን ጊዜ ቀደም ሲል የለመድናት ትንሿ ነገር ናት። አንበሶቹ ፊት እስክንቀርብ ቆይተን ያኔ የምንጸና የሚመስለን ካለን፣ ምዕራፉ በዚህ አይደግፈንም።

ሦስተኛው ምዕራፍ የእኔ ተወዳጅ ነው፤ እዚህ ላይ ብቆይ አትቀየሙኝ። 1ኛ ነገሥት 21፣ የናቡቴ ወይን ቦታ። ጊታሪ የመሬት ነጠቃን ለማውገዝ ሰብከውበታል።

ንጉሥ አክዓብ ታሪኩን የሚጀምረው በጨዋ ደንብ ነው። ወይንህ ከቤተ መንግሥቴ አጠገብ ነው፣ የአትክልት ቦታ ላድርገው፣ በምትኩ የተሻለ ወይን ወይም ዋጋውን በገንዘብ ልስጥህ ይለዋል። ዛሬ ቢሆን ተገቢ ካሳ እንለው ነበር። ናቡቴ እምቢ አለ፤ የአባቶቹ ርስት ነው። ርስት ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ላስረዳ ብል ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ኪኩዩዎችም «ጊዛካ» የሚሉት የጎሳ መሬት ነበራቸው፤ ምርጥ ምርጡ ለነጭ ሰፋሪዎች ሲከፋፈል የበቀለው ቂም ነው ማው ማውን የወለደው። ታሪክ ሲገጣጠም ደግሞ፣ ጄ ኤም በጠፋ በሁለተኛው ቀን፣ ማርች 4 ቀን 1975፣ አዲስ አበባ ላይ የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሁለቱም አገር በአንድ ሳምንት ውስጥ በመሬት ነገር ተናወጠ።

ወደ ናቡቴ እንመለስ። አክዓብ አኩርፎ ተኛ፣ እህል አልቀምስም አለ። ሚስቱ ኤልዛቤል ደብዳቤ ጻፈች፣ በንጉሡ ስም፣ በንጉሡ ማኅተም። ለማን? ናቡቴ በሚኖርበት ከተማ፣ በኢይዝራኤል፣ ለሚኖሩ ሽማግሌዎችና ከበርቴዎች። ጎረቤቶቹ ናቸው! ደብዳቤው ጾም አውጁ፣ ናቡቴን በሕዝብ ፊት አስቀምጡ፣ ሁለት ምናምንቴ ሰዎች ይመስክሩበት፣ ከዚያ አውጥታችሁ ውገሩት ይላል። ምስክሮቹ ለምን ሁለት ሆኑ? የሙሴ ሕግ ያለ ሁለት ምስክር አይገደልም ስለሚል ነው። ጾም አለ፣ ጉባኤ አለ፣ ክስ አለ፣ ምስክር አለ፣ ቅጣቱም ከከተማ ውጭ ነው። ሥርዓቱ አንድም ሳይጎድል ተፈጸመ። ከብዙ ምዕራፎች በኋላ ደግሞ በ2ኛ ነገሥት 9 እንደ ዋዛ የተወረወረ ዓረፍተ ነገር ታገኛላችሁ፤ የልጆቹም ደም ፈስሷል። ወራሽ እንዳይቀር መሆኑ ነው፤ ፋይሉ ተዘጋ።

ናቡቴን ማን ገደለው ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም ሰው ኤልዛቤል ይላል። ሰባኪዎቻችንም ሴትየዋ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይጎላል፤ ክፉ ሴት ማግኘት ለስብከት ይመቻል። ነቢዩ ኤልያስ ግን ገደልህ፣ ወረስህም ብሎ የከሰሰው ደብዳቤውን ያልጻፈውን፣ አንብቦትም እንደሆነ ያልተነገረንን አክዓብን ነው። አልሰማሁም፣ አላየሁም የሚል መከላከያ እዚያ አልሠራም። ያም ሆኖ ድንጋይ የጨበጠ እጅ ከሁለቱም ዘንድ አልነበረም። ሥራውን የሠሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ደብዳቤው ደረሳቸው፣ እንደተጻፈው አደረጉ፣ መፈጸሙንም መልሰው ላኩ። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ይህ ነገር እንዴት ነው ብሎ ስለመጠየቁ ምዕራፉ አንዲት ቃል የለውም።

ይህን ይዛችሁ ናይሮቢን ተመልከቱ። በ2003 ፕሬዝዳንት ኪባኪ የሕዝብ መሬት አለአግባብ እንዴት እንደታደለ የሚያጣራ ኮሚሽን አቋቋሙ፤ ሰብሳቢው ጠበቃው ፖል ንዱንጉ ነበሩ። በ2004 የወጣው ሪፖርት ከ1962 እስከ 2002 ባለው ጊዜ ከሕግ ውጭ የተሰጡት የይዞታ ማረጋገጫዎች 200,000 ያህል እንደሚሆኑ ገመተ። ደን፣ የትምህርት ቤት ሜዳ፣ ለመንገድ የተከለለ መሬት ሁሉ ተነክሷል። ሪፖርቱን ከናቡቴ ምዕራፍ ጋር የሚያዛምደው ግን ቁጥሩ አይደለም። ጣቱን በትልልቆቹ ሹማምንት ላይ ብቻ ቀስሮ አልቀረም፤ ውል ያዋዋሉትን ጠበቆች፣ መሬቱን የለኩትን ቀያሾች፣ ወረቀቱን ያሳለፉትን የመሬት ቢሮ ሠራተኞችም ነካ። አንድ ባለሥልጣን ብቻውን አንድ ካሬ ሜትር እንኳ መንጠቅ አይችልም። ቀያሽ ያስፈልገዋል፣ ማኅተም ያስፈልገዋል፣ ፋይሉን ከታች ወደ ላይ የሚያሻግር ልጅ ያስፈልገዋል። እሁድ እሁድ መዘምራን ውስጥ የሚቆም ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ኬንያ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ብዙ ነው።

እምቢ ያሉም ነበሩ። በ1989 በናይሮቢው ኡሁሩ ፓርክ ላይ 60 ፎቅ ያለው የገዢው ፓርቲ ጋዜጣ ሕንፃ ሊቆም ሲል የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቿ ዋንጋሪ ማታይ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ እየጻፉ ተከራከሩ። ፓርላማ ውስጥ ተሰደቡ፣ ተሳለቁባቸው። በመጨረሻ ግን ገንዘብ ሰጪዎቹ አፈገፈጉ፣ ፓርኩም ተረፈ። ደብዳቤ ለናቡቴ ሞት እንደዋለ ሁሉ ለአትክልቱ ሕይወትም ይውላል ማለት ነው። ዛሬ እዚያ ሣር ላይ ተቀምጣችሁ ኦቾሎኒ የምትበሉ ወዳጆቼ፣ ያ ሣር የናቡቴ ወይን ነው፤ ናቡቴ ያልተሸነፈበት።

ከፓርኩ አውራ ጎዳናውን ተሻግራችሁ ኒያዮ ሐውስን ታገኛላችሁ። ናይሮቢ የኖረ ሐበሻ ይህን ሕንፃ ያውቀዋል፤ ኢሚግሬሽን ያለው እዚያ ነው፣ ተሰልፈንበታል። በ1980ዎቹ ምድር ቤቱ የፖለቲካ እስረኞች የሚሰቃዩበት ቦታ ነበር። ከላይ ያሉት አብዛኞቹ ፎቆች ተራ ቢሮዎች ናቸው፤ ሰው ጠዋት ይገባል፣ ማኅተሙን ይመታል፣ ማታ ይወጣል። ማን ምን ያህል ያውቅ እንደነበረ እኔ ልፈርድ አልችልም። ሕንፃውን ባየሁት ቁጥር ግን የኢይዝራኤል ሽማግሌዎች ይመጡብኛል።

ጊታሪስ የከፈሉት ዋጋ ምን ነበር? ኤፕሪል 1989 አንድ ሌሊት የታጠቁ ሰዎች ቤታቸውን ሰብረው ገቡ። ጳጳሱ ጣሪያ ላይ ወጥተው የድረሱልኝ ጩኸት አሰሙ፣ ጎረቤት ደረሰላቸው፣ ተረፉ። ናቡቴ ያላገኘው ጎረቤት እርሳቸው ጋ ነበረ። የኤልዶሬቱ ጳጳስ አሌክሳንደር ሙጌ ግን አልተረፉም። በኦገስት 1990 ፒተር ኦኮንዶ የተባለ ሚኒስትር ወደ ቡሲያ ከመጡ በሕይወት አይመለሱም ብሎ በአደባባይ ዛተ። ሙጌ ሄዱ፣ ሰበኩ፣ ሲመለሱም በመኪና አደጋ ሞቱ። ሚኒስትሩ ሥልጣኑን ለቀቀ።

በዚያን ጊዜ ሮሜ 13 ከብዙ አፍ ይሰማ ነበር፤ ለባለሥልጣን ተገዙ። ይህን ክርክር እንደ ተራ ማጭበርበሪያ ማየት አይገባም። የወቅቱ ፕሬዝዳንት ሞይ ራሳቸው እሁድ የማይቀሩ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነበሩ፤ የት እንዳስቀደሱ ማታ በቴሌቪዥን ዜና ይታይ ነበር። ሮሜ 13ም እውነተኛ ምዕራፍ ነው። ግን እሱንም እስከ መጨረሻው እናንብበው እላለሁ፤ ባለሥልጣኑ ለበጎ ነገር የእግዚአብሔር አገልጋይ ነው ይላል። አገልጋይ ከሆነ ደግሞ ሥራውን ሊጠየቅ ይችላል። ዳንኤል እኮ ዳርዮስን አልሰደበም፤ ከጉድጓድ ሲወጣ እንኳ በአክብሮት ነው ያናገረው። ተገዝቷል፣ መስኮቱን ግን አልዘጋም።

የሉቃስ 18ን መበለት ታስታውሳላችሁ? ዳኛውን እየተመላለሰች ያሰለቸችውን? በፌብሩዋሪ 1992 የፖለቲካ እስረኞች እናቶች ኡሁሩ ፓርክ ጥግ ላይ የረሃብ አድማ አደረጉ፤ ዋንጋሪ ማታይ አብረዋቸው ነበሩ። ፖሊስ በአስለቃሽ ጭስና በዱላ በተናቸው። አሮጊቶቹ ከፓርኩ ባሻገር ወዳለው ኦል ሴይንትስ ካቴድራል ገቡና አንድ ዓመት ያህል እዚያው ተቀመጡ። በ1993 መጀመሪያ አብዛኞቹ ልጆቻቸው ተፈቱ። ለዚህ ማብራሪያ አልጨምርም፤ ምሳሌውን ሄዳችሁ ብቻ አንብቡት።

የእኛስ ነገር የምትሉኝ አላችሁ። አለን እንጂ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ምእመኔን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከጸሎት ሲወጡ ታፍነው ተገደሉ፤ ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳም ለዓመታት ታሰሩ። እኒህን ሰዎች ስናስብ ራሳችንን ከጉዲና ጋር ማሰለፍ ይቀናናል፤ ከናቡቴ ጋር፣ ከኤልያስ ጋር። ያን ቀን መኪናውን የነዱ፣ ስማቸውን በዝርዝር የጻፉ፣ ትእዛዙን ያደረሱም ሰዎች ግን ነበሩ፤ እነሱም የሰው ልጆች፣ ምናልባትም ክርስትና የተነሱ።

ስለዚህ በቡድን የምታጠኑ ከሆነ አንድ ነገር ሞክሩ። ናቡቴን ስታነቡ የሽማግሌዎቹን ቦታ ያዙ። ደብዳቤው ማታ ደረሰን እንበል፤ ማኅተሙ የንጉሡ ነው፤ ልጆች አሉን። ጾሙን ለማወጅ እምቢ ማለት እንችል ነበር? ምስክር ፍለጋውንስ ማጓተት? ለናቡቴ ሹክ ማለት? የምትሠሩበትን መሥሪያ ቤት፣ የሒሳብ ክፍሉን፣ የዕድሩን መዝገብ አስቡና ተነጋገሩ። ጾም የታወጀው ለግድያ ሽፋን መሆኑንም አትዝለሉት፤ ጾም ለምንወድ ለእኛ ያቺ ቁጥር ከሁሉ ትከብዳለች።

ስትጨርሱ 1ኛ ነገሥት 21 ላይ አታቁሙ። 2ኛ ነገሥት 10ን ክፈቱ። ዓመታት አልፈዋል፣ አክዓብ ሞቷል፣ ኢዩ የተባለ አዲስ ሰው ሥልጣን ይዟል። ኢዩም ደብዳቤ ይጽፋል፤ የኢይዝራኤል አለቆችና ሽማግሌዎች ከተቀባዮቹ መካከል ናቸው።  ሽማግሌዎቹ ፈሩ፣ የምታዝዘንን እናደርጋለን ብለው መለሱ፤ ሁለተኛው ደብዳቤ የአክዓብን ሰባ ልጆች ራስ ሲጠይቅም ሰባውን አርደው ራሶቹን በቅርጫት ላኩ። በማግስቱ ኢዩ በሕዝቡ ፊት ቆሞ እነዚህን ሁሉ ማን ገደለ ብሎ ጠየቀ። ከዚያ የሆነውን ቁጥር 11 ይነግራችኋል።